የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን እንስሳ ምን ይረዳል?

የልጃቸው ስም የጠፋባቸው አባት፣ በወጣትነታቸው ያረሱባቸውን በሬዎች ስም አንድ በአንድ ሊጠሩ ይችላሉ። ቡሬ፣ ወይኖ፣ ዳልቻ። ይህን የሰማ ልጅ ቅር ይለዋል። «ከኔ በሬው በለጠ?» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን የፍቅር ማነስ አይደለም። በሽታው አንጎልን የሚያጠቃበት ቅደም ተከተል ነው እንዲህ የሚያደርገው።

በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የመርሳት በሽታ ያለባቸውን አረጋውያን በእንስሳት መርዳት ከተጀመረ ቆይቷል። ውሻ ይዘው መጦሪያ ቤት የሚገቡ በጎ ፈቃደኞች አሉ። አህያ ይዘው የሚገቡም አሉ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚዞረውን ቪዲዮ ያየ ሰው ተአምር ሊመስለው ይችላል። ለወራት ያልተናገሩ እናት ውሻውን ሲያዩ ይናገራሉ። ከሥሩ «ውሻው ፈወሳቸው» ተብሎ ይጻፋል።

ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርገው። እንስሳ የመርሳት በሽታን አያድንም። የጠፋውን ትዝታ አይመልስም፣ በሽታውንም አያቆምም። በጥናት የተደገፈው ጥቅሙ ከዚያ ያነሰ ነው። ቢሆንም ለታማሚውም ለአስታማሚውም ክፉ የነበረን ቀን ደህና ቀን ማድረግ ይችላል። እንዴት እንደሚሠራ ከገባን ደግሞ ውድ ፕሮግራም ሳንጠብቅ ቤታችን ልንሞክረው የምንችለው ነገር ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የሚጠፋውና የሚቀረው

የመርሳት በሽታ የምንለው ዲሜንሺያ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ማስታወስን፣ ማሰብንና ራስን ችሎ መኖርን ቀስ በቀስ የሚነጥቁ በሽታዎች የወል ስም ነው። ከመቶ ታማሚ ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር ያለበት ነው። የአንጎል የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣም አለ። ሉዊ ቦዲ የሚባል ዓይነትም አለ። ከእንስሳ ጋር በተያያዘ የራሱ ጣጣ ስላለው ኋላ እመለስበታለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዲሜንሺያ ጋር ይኖራሉ። በየዓመቱ ወደ 10 ሚሊዮን የሚጠጉ አዲስ ታማሚዎች ይጨመራሉ። ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ሐኪም ፊት እንኳ አይቀርብም። «ጃጁ» ተብሎ ይታለፋል። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል» ይባላል። እርጅና ብቻውን ግን ሰውን በገዛ ሳሎኑ ተቀምጦ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» አያሰኝም።

አልዛይመር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚያጠቃው ሂፖካምፐስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል የዛሬን ነገር ለነገ የሚያስቀምጥ ነው። እሱ ሲጎዳ ጠዋት የተበላው ቁርስ እኩለ ቀን ላይ የለም። ልጅ መጥቶ መሄዱ የለም። የድሮው ግን በዕድሜ ዘመን ሁሉ ሲነሳ ሲወራ የኖረ ነውና ሥር ሰዷል። የእጅ ሙያ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ቦታ ነው የተቀመጠው። ላም ማለብ፣ ጥጥ መፍተል፣ እህል ማበጠር፣ የበግን ወገብ ዳብሶ ስቡን ማወቅ። በሽታው እነዚህ ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ የዕለቱን ቀን መናገር ያቃታቸው እናት ሰፌድ ብትሰጧቸው ያበጥራሉ።

ስሜትም እንደዚሁ ይቀራል። በ2014 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። አልዛይመር ላለባቸው 17 ሰዎችና ለ17 ጤነኞች የሚያሳዝኑና የሚያስደስቱ የፊልም ቁርጥራጮች አሳዩ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ምን እንዳዩ ጠየቁ። ታማሚዎቹ ካዩት የሚያስታውሱት በጣም ጥቂት ነበር። ሐዘኑና ደስታው ግን አብሯቸው ቆየ። እንዲያውም ፊልሙን ይበልጥ የረሱት፣ ሐዘኑ ይበልጥ የቆየባቸው ሆኑ። ለምን እንዳዘኑ አያውቁም፤ ማዘናቸው ግን እውነት ነው።

«አያስታውሱትም እኮ፣ ሄጄ ባያቸውስ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ካለ ይህን ይስማ። መምጣታችሁን ይረሱታል። ስትመጡ ያደረባቸው ደስታ ግን ከሄዳችሁ በኋላም አብሯቸው ይቆያል። የቆጣችኋቸው ቁጣም እንዲሁ።

አሁን ወደ እንስሳው እንምጣ። እኛ ሰዎች ታማሚ ስንጠይቅ ሳናውቀው ፈተና እንፈትናለን። «እማዬ፣ ማን ነኝ? ታውቂኛለሽ? ዛሬ ቀኑ ማን ነው? ምሳ ምን በላሽ?» እያንዳንዱ ጥያቄ የጠፋውን ነገር ያስታውሳቸዋል። ሲያቅታቸው ፊታችንን ያያሉ፣ እኛም እናዝናለን፣ እነሱም ያፍራሉ። ድመት ግን «ማን ነኝ?» አትልም። ጭን ላይ ወጥታ ትተኛለች። ዶሮ እህል ሲበተንላት ትመጣለች። ከእንስሳ ጋር ለመሆን ቀኑን ማወቅ አያስፈልግም። ትዝታ ሳይጠየቅ እጅና ስሜት ብቻ የሚበቁበት ግንኙነት ነው። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢጠፋችሁ ይህቺን ብቻ ያዙ።

ሕክምና ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይጠራሉ። አንደኛው ጉብኝት ነው። በጎ ፈቃደኛው የተፈተነና የተከተበ ውሻውን ይዞ መጦሪያ ቤት ይመጣል፤ አረጋውያኑ ይዳብሱታል፣ ይጫወታሉ፣ ይሄዳል። እንግሊዝ ውስጥ ከ1983 ጀምሮ ይህን የሚሠራ ፔትስ አዝ ቴራፒ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አለ። ሁለተኛው እዚያው የሚኖር እንስሳ ነው፦ የመጦሪያው ድመት፣ ወፎቹ፣ ዶሮዎቹ። ሦስተኛው ነው በትክክል ሕክምና ሊባል የሚገባው። ባለሙያ አለው፣ ግብ አለው፣ ውጤቱም እየተመዘገበ ይኬዳል።

ሦስተኛውን በቅርብ እንየው። አንዲት እናት አሉ እንበል። ቀኝ ክንዳቸው እየደነዘዘ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ «ክንድዎን ከፍ ያድርጉ፣ አሥር ጊዜ» ስትላቸው ይበሳጫሉ። ለምን እንደሆነ አይገባቸውማ። ውሻው መጥቶ ከወንበራቸው በስተቀኝ ይቀመጣል። ባለሙያዋ ብሩሽ ትሰጣቸዋለች። እሳቸው የውሻውን ጀርባ ከአንገቱ እስከ ጭራው ያበጥራሉ። ክንዳቸው ይዘረጋል፣ ይመለሳል፣ ይዘረጋል። አሥር ሳይሆን ሠላሳ ጊዜ ሠርተውታል። ባለሙያዋ በዚህ መሀል «የእርስዎ ቤት ምን ነበር? ውሻ ነበር ወይስ ድመት?» ትላለች። ወሬ ይጀመራል። ሃያ ደቂቃ ወይም ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ያበቃል። ውሻው ወደ እሳቸው የሚመጣበት፣ የሚሄድበትና የሚያርፍበት ጊዜ የታሰበበት ነው።

እዚህ ላይ የውሻው ድርሻ ምክንያት መሆን ነው። ክንድን ለማንሳት፣ ለመናገር፣ ከወንበር ለመነሳት ምክንያት። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ አቅሙ ሳያልቅ ምክንያቱ ያልቅበታል። ሁሉ ይደረግለታል፤ እሱ ግን ለማንም ምንም አያደርግም። ይበላል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ሰጪ ሆኖ ኖሮ በስተመጨረሻ ተቀባይ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚሰማው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ ዮርክ ከተማ በ1796 ዊሊያም ቱክ የሚባል ሰውና ክዌከር የሚባለው የክርስትና ቡድን የእምነት ወንድሞቹ ለአእምሮ ሕሙማን የከፈቱት ማረፊያ ግቢው ውስጥ ጥንቸልና ዶሮ ነበረው። በዚያ ዘመን ሌላ ቦታ ሕሙማን በሰንሰለት ይታሰሩ ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል የኒውዮርክ የሕፃናት ሳይኮሎጂስት፣ ጂንግልስ የሚባል ውሻው ከሰው ጋር መግባባት የከበደውን ልጅ ሲያላምድለት አይቶ ስለ ጉዳዩ መጻፍ ጀመረ። የሙያ ባልደረቦቹ ብዙም በቁም ነገር አልወሰዱትም። ዛሬ የዘርፉ አባት ይሉታል።

መቶ ወፎች የገቡበት መጦሪያ

በ1991 ቢል ቶማስ የሚባል ወጣት ሐኪም በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር፣ ኒው በርሊን በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኝ ቼዝ መታሰቢያ በተባለ መጦሪያ ይሠራ ነበር። መጦሪያው ንጹሕ ነው፣ ምግብ አለ፣ መድኃኒት አለ። ሰዎቹ ግን ደብዝዘዋል። እሱ ሦስት በሽታ አየሁ አለ፦ ብቸኝነት፣ መሰልቸትና ምንም ማድረግ አለመቻል። የትኛውም በኪኒን አይድንም።

ውሾች፣ ድመቶችና 100 ትናንሽ በቀቀኖች አስገባ። ከዚያ ጥንቸልና ዶሮ ተጨመረ። የክፍሎቹ አርቲፊሻል አበቦች በሕይወት ባሉ ተክሎች ተተኩ። የሠራተኞች ልጆች ከትምህርት ቤት በኋላ እዚያው እንዲውሉ ተደረገ። ወፎቹ የመጡ ቀን ጎጆዎቻቸው ገና አልተገጣጠሙም ነበር፤ መቶውም ወፍ መጦሪያው ውስጥ ባለው የፀጉር ቤት ተለቀቀ። አረጋውያኑ በመስኮት ተሰብስበው እየተመለከቱ ይስቁ ነበር።

በኋላ ከሌላ ተመሳሳይ መጦሪያ ጋር ሲተያይ የሚታዘዘው መድኃኒት ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኘ። በተለይ ለመበሳጨትና ለመረበሽ የሚሰጠው ነበር የቀነሰው። የሞት መጠንም በ15 በመቶ አነሰ። ይህ ቁጥር በየቦታው ይጠቀሳል። እኔም እጠቅሰዋለሁ፤ ግን ልብ በሉ። እንስሳቱ ብቻቸውን አልገቡም። ተክል ገባ፣ ሕፃናት ገቡ፣ የሠራተኞቹ መንፈስ ተለወጠ። የወፎቹ ድርሻ ስንት እንደሆነ ለይቶ መናገር አይቻልም። አንድ ቤት ከአንድ ቤት ጋር ማነጻጸርም ጠንካራ ማስረጃ አይሆንም።

የመድኃኒቱ ነገር ለምን እንደሚያሳስብ ግን ልንገራችሁ። ታማሚ ሲረበሽና ሲጮህ በብዙ አገር የሚሰጠው ለከባድ የአእምሮ ሕመም የተሠራ ማረጋጊያ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2005 እነዚህ መድኃኒቶች ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የመሞት አደጋን እንደሚጨምሩ አስጠንቅቋል። ያለ መድኃኒት ማረጋጋት የሚቻልበት መንገድ ሁሉ የሚፈለገው ለዚህ ነው። ማረጋጊያ የሚወስድ ቤተሰብ ካላችሁ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ ሐኪሙን ጠይቁ።

ጥናቱ ምን ይላል?

እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ የዓሣው ጥናት ነው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ክብደታቸው ይቀንሳል። ምግብ ፊታቸው ቀርቦ ይነሳሉ፣ ይዞራሉ፣ ወይም ዝም ብለው ይቀመጣሉ። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናንሲ ኤድዋርድስና አላን ቤክ ኢንዲያና ውስጥ በሚገኙ መጦሪያዎች መመገቢያ ክፍል ውስጥ ትልቅ የዓሣ መስታወት አስቀመጡ። ባለ ቀለም ዓሦች ይዋኛሉ፣ መብራት አለው፣ ውሃው ይንቦጫቦጫል። ሌላ ምንም አልተደረገም። 62 ታማሚዎች ምን ያህል እንደበሉ በየጊዜው ተመዘነ። የሚበሉት ምግብ ጨመረ፤ በ16 ሳምንት ውስጥም ክብደታቸው በአማካይ ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ከፍ አለ። ውጤቱ የታተመው በ2002 ነው።

ሦስት ሩብ ኪሎ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። እየከሱ ለሚሄዱ የሰማንያ ዓመት እናት ግን ምንም አይደለም ማለት አይቻልም። ዓሦቹ ያደረጉት ግልጽ ነው፤ የሚዞሩትን አስቀመጧቸው፣ ያንቀላፉትን አነቁዋቸው። ማንም አልዳበሳቸውም፣ ማንም አልተነከሰም፣ አለርጂም የለም።

ስለ ውሻ ጉብኝት የተጠናው ብዙ ነው፤ ጥራቱ ግን ያንሳል። ኮክሬን የሚባለው ጥናቶችን እያበጠረ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም በ2019 በዚህ ጉዳይ ላይ ግምገማ አውጥቷል። መስፈርቱን ያሟሉ 9 ጥናቶች ብቻ ተገኙ፤ ተሳታፊዎቹ በድምሩ 305። ድምዳሜውም እንስሳ የድባቴ ምልክቶችን በጥቂቱ ሊቀንስ ይችላል የሚል ነው። እሱም በጠንካራ እርግጠኝነት አይደለም። ለሌላው ነገር፣ ለምሳሌ ለመረበሽና ለዕለት ተዕለት አቅም፣ በቂ ማስረጃ አልተገኘም።

ማጥናቱ የሚከብደው በምክንያት ነው። በመድኃኒት ጥናት ግማሹ ሰው ባዶ ኪኒን ይሰጠዋል፤ ማን ምን እንደዋጠ አይታወቅም። ባዶ ውሻ ግን የለም። ሁሉም ያያል። በዚያ ላይ ውሻው ብቻውን አይመጣም። ፈገግ የሚል፣ ጊዜ ያለው፣ የማይቸኩል ሰው ይዞት ይመጣል። የረዳው ውሻው ነው ወይስ ሰውየው? እኔ ሁለቱም ይመስለኛል። ይህም ጥቅሙን ያሳንሰዋል ብዬ አላምንም። ጠያቂ የሌላቸው እናት ጠያቂ ካገኙ፣ ሰበቡ ውሻ ቢሆን ምን ይጎዳል?

የጃፓኑ ሮቦት

ውሻና ድመት ይዞ መግባት የማይቻልበት ቦታ ብዙ ነው። ለዚህ ጃፓናዊው መሐንዲስ ታካኖሪ ሺባታ ፓሮ የሚባል ሮቦት ሠራ። ሲል የሚባለውን የበረዶ ባሕር እንስሳ ግልገል ይመስላል። ነጭ፣ ፀጉራም፣ ዓይነ ትልቅ ነው። ክብደቱ ሦስት ኪሎ አይሞላም፤ እንደ ሕፃን ልጅ ይታቀፋል። ሲዳብሱት ዓይኑን ይከድናል፣ ሲጠሩት ይዞራል፣ ድምፅ ያሰማል። ባትሪው የሚሞላው የሕፃን ጡጦ ጫፍ በሚመስል ገመድ አፉ ላይ ተሰክቶ ነው። ሺባታ ውሻ ወይም ድመት ያላደረገው አስቦበት ነው። ውሻን ሁሉም ያውቃል፤ «ይሄማ ውሻ አይደለም» ይላል። የሲል ግልገል ግን ከሚያውቀው ጋር የሚያወዳድር ሰው የለም።

ፓሮ ከ2005 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ይሸጣል። በ2009 ኤፍዲኤ በሕክምና መሣሪያነት ተቀብሎታል። ዋጋው ግን ወደ 6000 ዶላር ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በ28 መጦሪያዎች በ415 ሰዎች ላይ የተደረገና በ2017 የታተመ ጥናት አለ። አንዳንዱ መጦሪያ ፓሮ፣ አንዳንዱ የማይንቀሳቀስ ተመሳሳይ አሻንጉሊት ተሰጠው፤ ሌላው እንደነበረ ቀጠለ። ፓሮ የያዙት ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ደስታ አሳይተዋል፣ መረበሻቸውም ቀንሷል። ከአሻንጉሊቱ ጋር ሲተያይ ደግሞ ፓሮን ይበልጥ ያወሩታል፣ ይመለከቱታል። መረበሽን በመቀነስ ረገድ ግን ከተራው አሻንጉሊት ያን ያህል አልበለጠም። ኪሱ ለሳሳ ቤተሰብ ይህ መልካም ዜና ነው።

«ሰውን ማታለል አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እናታችን አሻንጉሊት አቅፈው ሲያባብሉ ማየት ልብ ይሰብራል። እኔ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። እሳቸው ረክተዋል ወይስ የተዋረዱ መስሏቸዋል? ከረኩ ይያዙት። «ምንድን ነው ይሄ፣ ልጅ አደረጋችሁኝ?» ካሉ ደግሞ ይወሰድ። ሮቦቱ ተሰጥቶ ሰው ከጎናቸው የጠፋ ዕለት ግን ጥፋቱ የኛ ነው።

ውሻ ለማን? ዶሮስ ለማን?

እነዚህ ጥናቶች ሁሉ የተሠሩት ውሻ ሳሎን ውስጥ በሚተኛበት አገር ነው። የኛ አዛውንቶች ግን ሌላ ሕይወት ነው የኖሩት። ውሻ ለብዙዎቹ የግቢ ጠባቂ ነው። ቤት አይገባም፣ አልጋ ላይ አይወጣም። የእብድ ውሻ በሽታን ፍርሃት ይዘው ያደጉም ብዙ ናቸው። ሙስሊም አባት ከሆኑ፣ በብዙ ሊቃውንት ዘንድ የውሻ ምራቅ የነካው ለሶላት መታጠብ አለበት። ኦርቶዶክስ እናት ከሆኑም ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ሲጠብቁ ኖረዋል። አሜሪካ ወይም እስራኤል መጦሪያ ቤት ውስጥ የማያውቁት ትልቅ ውሻ ድንገት ጭናቸው ላይ አገጩን ሲያሳርፍ ቢጮኹ፣ በሽታቸው ተባብሶ አይደለም። ሊያረጋጋቸው የታሰበው ነገር አስደንግጧቸው ነው።

ሁሉም አይደለም፤ ውሻ ወዳድ አዛውንትም ሞልቷል። ለማለት የፈለግሁት ምርጫው ከሰውየው ታሪክ ይጀምር ነው። ሆላንዶች ይህን በደንብ ገብቷቸዋል። እዚያ ከሺህ በላይ የእንክብካቤ እርሻዎች አሉ። በብዙዎቹ የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ውለው ይገባሉ፤ ጥቂቶቹ ጋ ደግሞ እዚያው ይኖራሉ። ጠዋት ዶሮ ይፈታሉ፣ እንቁላል ይሰበስባሉ፣ ግቢ ይጠርጋሉ፣ ድንች ይልጣሉ። በተለመደው መጦሪያ ካሉት ይልቅ ይንቀሳቀሳሉ፣ ደጅ ይወጣሉ፣ ከሰው ጋር ይገናኛሉ። ጥናቱ የሚለው ይህን ነው። እንግሊዝም ዘ ዶንኪ ሳንክቹሪ የሚባለው የአህዮች ማኅበር አህያ እየያዘ መጦሪያ ቤት ሲገባ ኖሯል። ይኸው ድርጅት ቢሾፍቱ ከእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤቱ ጋር ለዓመታት ሠርቷል። በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ለሆነች አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። እህል ጭኖ ገበያ ሲወጣ የኖረ ሰው አህያ ሲያይ «መጭ!» ለማለት ማስታወስ አያስፈልገውም።

እናታችሁ ገጠር ያደጉ ከሆነ ሁለት ሦስት ዶሮ ይበቃል። እህሉን ከማሰሮ ራሳቸው ይዝገኑ፣ ራሳቸው ይበትኑ። እንቁላሉን ራሳቸው ያንሱ። ሁለቴ ቢያበሏቸው አትቆጧቸው፤ እህሉን ቀድማችሁ መጥናችሁ አስቀምጡ። አባታችሁ በግ ነጋዴ ወይም ገበሬ ከነበሩ ለበዓል በግ ስትገዙ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ወይም በጉን ቤት አምጥታችሁ «አባባ፣ እስቲ ይህን በግ እዩልኝ» በሏቸው። እጃቸው ወገቡን ይዳብሳል፣ ላቱን ይመዝናል፣ ጥርሱን ይገልጣል። «ተሞኝተሃል» ሊሏችሁም ይችላሉ፤ ፈራጅ የሆኑት እሳቸው ናቸውና በደስታ ተቀበሉ። አንድ ጥንቃቄ አለ። ለቀናት ሲያበሉት የነበረውን በግ ድንገት ፊታቸው እንዳታርዱት። ለምን እንደታረደ የተነገራቸውን ይረሱት ይሆናል፤ ሐዘኑ ግን ይቀራል።

ከተማ ያደጉና ለእንስሳ ደንታ የሌላቸውም አሉ። አታስገድዷቸው። ለእነሱ ሙዚቃው፣ መዝሙሩ ወይም የቡና ሥርዓቱ የተሻለ ይሆናል።

እንስሳው ከሌለስ? ወሬው ራሱ ይሠራል። ብዙ ታማሚዎች ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ መረበሽ ይጀምራሉ። በር በር ያያሉ፣ ይነሳሉ። አንዳንድ አባት በዚያ ሰዓት «ከብቶቹ ገቡ ወይ?» ይላሉ። «የምን ከብት? አዲስ አበባ እኮ ነን!» የሚል መልስ ጠብ ይወልዳል። ከብት የሚገባበት ሰዓት ነውና ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ ቦታውና ዘመኑ ብቻ ነው የተምታታባቸው። «ስንት ነበሩ? ቀድሞ የሚገባው ማን ነበር? ላሟን ማን ነበር የሚያልብ?» ብላችሁ ቁጭ በሉ። መብራቱን ቀደም አድርጋችሁ አብሩ፣ መጋረጃውን ዝጉ፣ ሻይ አቅርቡ። ለብዙዎቹ ፍርሃታቸው ያልተሠራ ሥራ ያለ ስለሚመስላቸው ነውና ወሬው ይበርድላቸዋል።

ሊጎዳ የሚችልበት ጊዜ

ሉዊ ቦዲ የሚባለው የዲሜንሺያ ዓይነት ያለባቸው ሰዎች የሌለ ነገር ጎልቶ ይታያቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚያዩት ሰው፣ ሕፃን ወይም እንስሳ ነው። «ድመቷን አስወጡልኝ» ሲሉ ድመት የለችም። እንዲህ ላለ ሰው እውነተኛ ድመት ወይም ሮቦት ማምጣት እውነቱንና ምናቡን ይበልጥ ሊያደባልቅባቸው ይችላል። አስቀድማችሁ ሐኪማቸውን አነጋግሩ።

መውደቅ ሌላው ነው። እግር ሥር የሚሮጥ ቡችላ አጥንታቸው ለሳሳ እናት አደጋ ነው። ስለዚህ ቁጭ ባሉበት ይሁን። የአዛውንት ቆዳ ስስ ነው፤ የድመት ጥፍር ጭረት ቶሎ አይድንም። አለርጂና አስም ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ አስቡበት። ዶሮ የነካ እጅ ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ። ውሻና ድመት በየዓመቱ የእብድ ውሻ ክትባት ይውሰዱ፤ ንክሻ ወይም ጭረት ከደረሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ ነው። «ትንሽ ናት» ተብሎ አይታለፍም።

እንስሳውም ሕይወት ያለው ፍጡር ነው። ታማሚው ሳያስበው አጥብቆ ሊይዘው፣ ሊጎትተው ይችላል። ውሻ ሲጨነቅ ያዛጋል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ፊቱን ያዞራል። ይህ ከታየ በቃ ማለት ነው። ታማሚውን ከእንስሳ ጋር ብቻቸውን አትተዉ። እንስሳውን የማብላቱና የማጽዳቱ ኃላፊነትም በመጨረሻ የእናንተ ነው። ቀድሞውኑ በማስታመም የደከመች ልጅ ላይ ቡችላ መጨመር ሸክም መጨመር ነው። እንዲህ ከሆነ መስኮቱ አጠገብ ለወፎች ጥሬ መበተን ይሻላል። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ማዞር ብቻ ነው።

ውጭ አገር ወላጃችሁን መጦሪያ ያስገባችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የምትሠሩ ብዙ ናችሁ። አረጋዊው ሲገባ ስለ ሕይወት ታሪካቸው የሚሞላ ቅጽ አለ። ብዙ ቤተሰብ ባዶውን ይመልሰዋል። ሙሉት። «አባቴ ገበሬ ነበሩ። ውሻ ይፈራሉ፣ ከሶላት በፊት እንዲነካቸው አይፈልጉም። በግና ላም ይወዳሉ። ማታ ማታ ስለ ከብት ከጠየቁ ስለ በሬዎቻቸው አጫውቷቸው፤ የቀኙ ቡሬ፣ የግራው ወይኖ ይባላል» ብላችሁ ጻፉ። በየፈረቃው የሚለዋወጠው ሠራተኛ እንዲያነበውም አልጋቸው አጠገብ ለጥፉት።